በሆድሽ መጥራትሽ አይደለም ሰዓትሽን የሚበላው

«የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ሳነብ እያንዳንዱን ቃል በሆዴ እጠራዋለሁ፤ አንዳንዴም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። እንግሊዝኛ ላይ ሰዓት አያደርሰኝም። እንዴት ላቁመው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። ያንቺው ችግር ነበረብኝ። ይረዝማል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

1. «የፈጣን ንባብ ስልጠና» ብሎ ብር ለሚጠይቅሽ ሰው አትክፈዪ።

ይሄን ያስቀደምኩት ስላንገበገበኝ ነው። 12ኛ ክፍል እያለሁ እዚሁ ከተማችን አንድ ማሰልጠኛ «በደቂቃ አንድ ሺህ ቃል ታነባላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። እናቴ እቁብ ደርሷት ነበርና ከዚያ ላይ ቀንሳ ከፈለችልኝ። አሰልጣኙ ገና እንደገባን በሆድ መጥራት መጥፎ ልማድ ነው፣ ከሥሩ መነቀል አለበት አለን። ማስቲካ እያኘካችሁ አንብቡ አለ። ቀጥሎ ደግሞ እያነበባችሁ በሆዳችሁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያላችሁ ቁጠሩ አለ። ዓይኔ ይሮጣል፣ ገጹ ያልቃል። ስለ ምን እንዳነበብኩ ስጠየቅ ግን አንድም ነገር የለም። ለአሰልጣኙ ስነግረው መልሱ ሁልጊዜ «ገና አልለመድከውም» ነው።

ብራችንን እንዲመልሱልን ከእናቴ ጋር ሄድን። ቢሮ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ደረሰኝ አላችሁ?» አለች። ብሩን ሲቀበሉ ደረሰኝ አልቆረጡልንም። እናቴ ረጋ ብላ ልታስረዳት ስትሞክር «ልጅሽ ካልገባው እኛ ምን እናድርግልሽ?» አለቻት። እናቴን፣ በዕድሜ እናቷ የምትሆነውን ሴት፣ አንቺ ብላ። ብሩ ቀርቶ ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የስልጠናው እንደነበር ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ፍሬሽማን ላይ ጄነራል ሳይኮሎጂ ስንማር ስለ ማስታወስ የሚያወራ ምዕራፍ አለ። እሱን ይዤ የራሴን ንባብ ቀጠልኩ። አላን ባድሊ እና ግርሃም ሂች የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ሥራ፣ የሰማነውንና ያነበብነውን ለጥቂት ሰከንድ በድምፅ መልክ ይዞ የሚያቆይልን የአእምሮ ክፍል እንዳለ አስረድተዋል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስታነቢ መጨረሻው ላይ እስክትደርሺ መጀመሪያውን የሚይዝልሽ ይሄ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልሽ ስትቆጥሪ ቦታውን በቁጥር ሞላሽው፤ ምንባቡ የት ይቀመጥ? እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ሃርዲክ እና ፔትሪኖቪች የሚባሉ አሜሪካውያን አንባቢዎች በሆድ ሲያነቡ የሚታየውን የጉሮሮ ጡንቻ እንቅስቃሴ እንዲያቆሙ አድርገው ሞክረዋል። ቀላሉን ጽሑፍ ያለ ችግር ተረዱት፤ ከባዱ ላይ ግን መረዳታቸው ወረደ። ፈተና ላይ የሚመጣልሽ ምንባብ የትኛው እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

2. ሒሳቡን ሥሪው።

በደንብ እንድታዪው የምፈልገው ይሄን ነው። ማርክ ብሪስባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ እንዳወጣው፣ አዋቂ ሰው ልብ ወለድ ያልሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በሆዱ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል፣ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ ደግሞ 183 ቃል ያነባል። አሁን 400 ቃል ያለው ምንባብ ያዢ። ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ይጨርሳል። በሆዱ የሚያነበው በ1 ደቂቃ ከ41። ልዩነቱ 30 ሰከንድ ነው! ይሄ እንግዲህ ጮክ ብሎ ከሚያነብ ሰው ጋር ሲወዳደር ነው፤ አንቺ ደግሞ ድምፅ አታወጪም። እርግጥ የተጠኑት ሰዎች በአብዛኛው አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ናቸው፣ እኛ ከዚያ ዝግ እንላለን። ቢሆንም በየምንባቡ አምስትና ስድስት ደቂቃ የሚወስድብሽ የሆድሽ ድምፅ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ሰዓቱ የት ይሄዳል? ወደ ኋላ በመመለስ። «ምን ነበር ያለው?» ትያለሽ፣ መስመሩን ደግመሽ ታነቢያለሽ፣ ከዚያ አንቀጹን እንዳለ ትደግሚዋለሽ። ሌላው በልብ መተርጎም ነው። እኔ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እመልስ ነበር፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ደግሞ ወደ አፋን ኦሮሞ። ይሄ ማለት አንድ ምንባብ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው። የቀድሞ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ላይ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ይላል። ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ፣ የምንባቡ ጊዜም ከዚያው ላይ የሚቆረጥ ነው። መመላለስን አይችልም።

ለመመለሱ መድኃኒቱ ወረቀት ነው። ስትለማመጂ ያነበብሽውን መስመር ከላይ በወረቀት እየሸፈንሽ ውረጂ፤ ዓይንሽ መመለስ ቢያምረው እንኳ የሚያየው ነገር የለም። መጀመሪያ ያስጨንቃል፣ እያደር ግን አእምሮሽ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለው ያውቅና በአንዴ መያዝ ይጀምራል። ፈተናው ላይ መዳፍሽ ይበቃል። ለመተርጎሙ ደግሞ አንቀጹ ሳያልቅ አማርኛ እንዳትነኪ። ሲያልቅ በሦስትና በአራት የአማርኛ ቃል «ስለዚህ ነው የሚያወራው» በይና እለፊ።

3. ከንፈርሽን ግን ዝጊው።

ከንፈር ሲንቀሳቀስ ንባቡ በንግግር ፍጥነት ይታሰራል፤ ከዚያ የባሰው ግን ፈታኝ ነው። እኔ የተፈተንኩት ጥቅምት 2015 ነው፣ 12ኛ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተፈተነበት ጊዜ። አንድ ፈታኝ ከኋላዬ መጥቶ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ብሎ ወረቀቴን አነሳው። እያነበብኩ ነው ብለው አይሰማም። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወረቀቱን የመለሰልኝ ሌላ ፈታኝ መጥቶ «ተወው፣ ልማድ ነው» ካለው በኋላ ነው። የባከነውን ደቂቃ የሚመልስልኝ ግን አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አልፌያለሁ። ያን ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ነው፤ እኔ ከእነሱ አንዱ ነኝ። በሆዴ እየጠራሁ ነው ያለፍኩት። አሁንም እጠራለሁ።

ከንፈሩን ለማስተው ስታነቢ አመልካች ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ ጣል አድርጊ። ሲንቀሳቀስ ይሰማሻል፣ ወዲያው ታቆሚዋለሽ። የሆድሽን ድምፅ እንዳትነኪው።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ፊደላችን እንደተጻፈ ይነበባል። ሀ ሁ ብለን ጮክ እያልን ስለተማርን ቃል ሳንጠራ ማለፍ ነውር ይመስለናል። እንግሊዝኛ ላይ ይሄ ወደ ኋላ ያስቀራል። ምንባቡ ውስጥ የማይጠራ የሰው ወይም የአገር ስም ሲመጣ ለመጥራት አትታገዪ። የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ ስም አድርጊለትና ቀጥዪ። ባዮሎጂም ላይ ያው ነው፤ «ኤንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም» ስትዪ ከምትቆዪ «ኤንዶ» በይው። ቀስ ብለሽ፣ አንድ በአንድ የምትጠሪው ጥያቄውን ነው። በተለይ «ኖት» እና «ኤክሴፕት» ያለበትን። እዚያ ላይ የሆድሽ ድምፅ ጮክ ይበል፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው እሷን ዘሎ ነው።

የድሮ ፈተናዎችን ት/ቤት አካባቢ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይሸጣሉ። የስልክሽን ሰዓት ሞልተሽ ሥሪባቸው። አብሮ የሚሸጠው የመልስ ወረቀት ላይ ግን ስህተት አይጠፋም፤ የተጠራጠርሽውን ለእንግሊዝኛ አስተማሪሽ አሳይው።