«ሥራ አለህ፣ ትዳር አለህ፣ ምን ያደርግልሃል?»

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። ዕድሜዬ 36 ነው። ለንደን መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ፤ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ እለያለሁ። የ6 ዓመት ልጄ አምና ኦቲዝም እንዳለባት ተነገረን። ሐኪሟ ስለ እሷ ስትጠይቀን እኔ ስለ ራሴ የምትጠይቅ ነበር የመሰለኝ። የዘመድ ሰርግ ላይ ሙዚቃው ሲጀምር ወጥቼ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ሰው «ኮርቶ ነው» ይላል። ባለፈው ወር ጂፒዬ (የሰፈር ሐኪሜ) ጋ ሄጄ «እኔም ሳይኖርብኝ አይቀርም» አልኩት። «ሥራ አለህ፣ ትዳር አለህ፣ ምን ያደርግልሃል?» አለኝና ቀጠሮው አለቀ። አፍሬ ወጣሁ። ዳግመኛ ልሂድ? ብሄድስ ምን ልበል? እናቴ ያለችው ወልድያ ነው።

ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ታናሼ ነህና አንተ ልበልህ። ሂድ። የሚያሳፍር ነገር አልጠየቅህም።

ሥራና ትዳር ያለው ሰው ኦቲዝም አይኖርበትም የሚባል ነገር የለም። ኦቲዝም ማለት ከሰው ጋር መግባባትም፣ ድምፅና ንክኪም ከሌላው ሰው በተለየ መንገድ የሚሰማበት አፈጣጠር ነው። ካደጉ በኋላ የሚይዝ ነገር አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያለ ነው። ብዙ ሰው ሳይታወቅለት ያድግና ልክ እንዳንተ ልጁ ስትመረመር ራሱን ያገኛል። እንግሊዝ ውስጥ በ2009 የወጣው የኦቲዝም ሕግ ደግሞ በተለይ አዋቂዎችን አስቦ የወጣ ነው። ውለታ እየለመንክ አይደለም።

አሁን ስትደውል ረዘም ያለ ቀጠሮ ጠይቅ፤ 10 ደቂቃ አይበቃህም። አስተርጓሚ ከፈለግህ ያኔውኑ ንገራቸው፣ በነፃ ነው። ሚስትህም ትምጣ፤ ለማስተርጎም ሳይሆን የምታውቀውን እንድትናገር። ገብተህ እንደተቀመጥክ «ለአዋቂ ኦቲዝም ምርመራ ሪፈራል እንድትጽፍልኝ ነው የመጣሁት» በል፤ ሪፈራል ወደ ስፔሻሊስት መላኪያ ማለት ነው። «ሳይኖርብኝ አይቀርም» ስትለው ምን እንደፈለግህ ላይገባው ይችላል።

ኤኪው-10 የሚባል መጠይቅም አለ። 10 ጥያቄ ነው፤ 6 እና ከዚያ በላይ ካገኘህ ወደ ስፔሻሊስት መላክ ይገባሃል። ሞልተኸው ሂድ። ብቻውን አለብህ ወይም የለብህም አይልም፣ በር ግን ይከፍታል።

እዚህ ላይ ልብ በል። ጥያቄዎቹ እኛን አስበው አልተጻፉም። አንዱ፣ ሰው ሲያናግርህ ከቃሉ ጀርባ ያለውን መረዳት ይቀልሃል ወይ የሚል ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጨዋታው ሁሉ ከቃሉ ጀርባ ነው። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብ «በልቻለሁ» ትላለህ፣ ባለቤቲቱ «በሞቴ» ትላለች፣ ትንሽ ትግደረደርና ትበላለህ። ይሄን ሌላው ሰው ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አንተ ግን ግራ እየገባህ «ሦስት ጊዜ እንቢ፣ ከዚያ መብላት» ብለህ እንደ ሕግ ቆጥረህ ይዘኸው ከሆነ፣ ያንኑ ለሐኪሙ ንገረው። ዓይንም እንደዚሁ ነው። ታላቅን ትኩር ብሎ አለማየት እኛ ዘንድ አክብሮት ነው። ይሄን የማያውቅ ሐኪም እንደ ምልክት ሊጽፍብህ ይችላል። ሌላው ደግሞ «ባህላቸው ነው» ብሎ ሊያልፍህ ይችላል። እኩዮችህንስ? ሚስትህንስ ዓይን ዓይኗን ማየት ይከብድሃል? ልዩነቱን የምታውቀው አንተ ነህ።

ስለ ልጅነትህም አጥብቀው ይጠይቁሃል። አንድ ጊዜ አብሬው የተቀመጥኩት ሰው ነበር። ደሴ ላሉት እናቱ ደወልን። «ልጅ ሆኖ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «ጨዋ ነበር፣ ሰው አያስቸግርም።» ከዚያ በላይ ጠብ አልል አለ። «ለጥምቀት አዲስ ልብስ ስትገዙለትስ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «እሱንማ አታንሺብኝ! አጥቤ አጥቤ ካላለሰለስኩት ገላውን አያስነካም። ልጆቹ ብይ ሲጫወቱ እሱ በየቀለሙ ይደረድራል።» ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ሰውየው ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። አንዱንም አያስታውስም ነበር።

ስለዚህ እናትህን «እንዴት ነበርኩ?» ብለህ አትጠይቃቸው። ስለ ልብስ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ጨዋታ ጠይቃቸው። ያገኘኸውን በአንድ ገጽ ጻፈው። የሰርጉንና የመኪናውንም ጨምርበት።

ወደዚህ የመጣኸው በሊቢያና በባሕር ከሆነ እሱንም አትደብቅ። ያ መንገድ የሚተወው ድንጋጤ፣ ከድምፅና ከሰው መሸሽ፣ ከኦቲዝም ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ሁለቱ አብረውም ሊኖሩ ይችላሉ። ከመንገዱ በፊት የነበረውን የሚመሰክሩልህ እናትህ ናቸው።

ምን ያደርግልሃል ላለህ፦ ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ግን በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ አሠሪህ የሥራ ሁኔታህን እንዲያመቻችልህ ሊረዳህ ይችላል። ለእኔ ከዚህ በላይ የሚታየኝ ልጅህ ናት። ጆሮዋን በእጇ ስትደፍን «አመል ነው» ሳይል የሚገባው አባት አላት።

ወረፋው ረጅም ነው፤ ከዓመት በላይ የጠበቁ ብዙ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ «ራይት ቱ ቹዝ» የሚባል መብት ስላለ፣ ከኤን ኤች ኤስ (ከመንግሥት የጤና አገልግሎት) ጋር ውል ወዳለው ሌላ መርማሪ እንዲልክህ ጂፒህን ጠይቀው። ክፍያ የለውም።

እንደገና እንቢ ካለህ፣ እንቢ ያለበትን ምክንያት ፋይልህ ላይ እንዲጽፍልህ ጠይቀው። ከዚያ እዚያው ክሊኒክ ሌላ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝ። ወረቀትህን ይዘህ ግባ።