ዳላስ እንሂድ ወይስ እዚሁ እንቆይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ልጆች

ባለፈው የታክስ ሰሞን ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ቢሮዬ መጡ። ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም፣ እሷ ነርስ ናት እሱ ደሞ አይቲ ነው የሚሰራው፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ታክሱን ጨርሼ ለሜሪላንድ የሄደውን ገንዘብ ሳሳያቸው ልጅቷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ "ጋሼ፣ ይሄ ሎካል የሚለው ደሞ የምንድነው?" አለችኝ። የካውንቲው ነው፣ ከስቴቱ በታች ያለው የአካባቢው አስተዳደር፣ የኛው ሞንጎመሪ 3.2 ፐርሰንት ይወስዳል አልኳት። ባልየው ይሄን ሲሰማ "አላልኩሽም? ቴክሳስ፣ ዳላስ ብንሄድ እኮ የስቴቱም የካውንቲውም ዜሮ ነው" አላትና ወደኔ ዞሮ "እርስዎ በኛ ቦታ ቢሆኑ ይሄዱ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

ውጪ ሰው ተሰልፎ ስለነበረ "እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡበት" ብዬ ሸኘኋቸው። ይሄ መልስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት እኔም ጣቴን እዛችው መስመር ላይ፣ እዛችው 3.2 ላይ አሳርፌ ነበር።

በፈረንጆቹ 2004 ነው። እኔ አንድ የሂሳብ ቢሮ ውስጥ ጁኒየር ነኝ፣ ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ማታ ማታ ትሰራለች፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ እናቴም ከደሴ መጥታ ከኛ ጋር ነበረች። አምስት ሆነን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከ1974 ጀምሮ አንድ ህግ አለው፣ ብዙ ቤት የሚሰራ ዴቨሎፐር ከሚሰራው ውስጥ የተወሰነውን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ከገበያ ዋጋ በታች እንዲሸጥ ወይ እንዲያከራይ ያስገድደዋል፣ ኤምፒዲዩ ይሉታል፣ አሁንም አለ። ባለቤቴ የማታ ስራዋን ጨርሳ ሳትተኛ የገዢዎቹን ክላስ ተከታትላ ፎርሙን ሞልታ እጣ ውስጥ አስገባችን። ደረሰን። ዊተን ውስጥ፣ ከሜትሮው ባቡር ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ፣ ሶስት መኝታ ያለው ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት)፣ ዋጋው 150 ሺ እንኳ የማይሞላ።

እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አንደኛ ኩራት ያዘኝ፣ "የድሃ ቤት ነው፣ ሰው ምን ይለናል" አልኩ። ሁለተኛ ለተወሰነ ዓመት በገበያ ዋጋ መሸጥ አይቻልም የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። ሶስተኛው ግን የሙያዬ ነበር፣ እሱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ። ቢጫ ወረቀት አውጥቼ መሃሉን በመስመር ከፈልኩት፣ በግራ ሜሪላንድ በቀኝ ቨርጂኒያ። በዚህ አካባቢ፣ በዲሲ በሜሪላንድ እና በቨርጂኒያ መሃል፣ ደሞዛችሁ የሚታክሰው በምትሰሩበት ሳይሆን በምትኖሩበት ነው፣ ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እየሰራሁ ቨርጂኒያ ባድር የካውንቲው 3.2 ይቀርልኛል፣ ቨርጂኒያ ካውንቲ የገቢ ታክስ የለውምና። በግራ በኩል 1,600 ዶላር ጻፍኩ፣ በቀኝ በኩል ምንም። ባለቤቴን ጠርቼ ያቺን ባዶ ቦታ አሳየኋት። እሷ ወረቀቱን አይታ አይታ "እማማስ?" ብቻ ነው ያለችኝ። እማማ ደሞ ከዚህ ጋር ምን አገናኛቸው አልኳት።

በ2005 ቨርጂኒያ፣ ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ፣ ዴል ሲቲ፣ ባለ አራት መኝታ ሲንግል ፋሚሊ፣ ለብቻው የቆመ ቤት፣ በ465 ሺ ገዛን። ዳውን ፔይመንቱ የሁለት እቁብ ብር ነው። ብድሩ ለመጀመሪያ ሁለት ዓመት ወለዱ ዝቅ ያለ፣ ከዛ በኋላ ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ። ብሮከሩ ገቢያችንን ከፍ አድርጎ ጽፎት ነበር፣ እኔ ቁጥሩን አየሁት፣ የሂሳብ ሰው ነኝ፣ ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ እያወቅኩ ፈረምኩ። ያኔ ሁሉም ይፈርም ነበር ማለት ይቻላል፣ ግን እጁ የኔ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው ኑሮ እንዲህ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ እነሳለሁ፣ በ95 መንገድ ወደ ሰሜን፣ ስፕሪንግፊልድ ላይ ሚክሲንግ ቦል የሚሉት መገናኛ እስከ 2007 ድረስ ግንባታ ላይ ስለነበረ እዛ ጋ መኪና ቆሞ ነው የሚነጋው። ማታ ደሞ ያንኑ። ቢጫው ወረቀት ላይ ያልጻፍኩት የመኪና ታክስ መጣ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው ለመኪናችሁ በየዓመቱ ቢል ይልካል፣ ሁለት መኪና ነበረን። ቤንዚን በ2008 በጋ ላይ ጋሎኑ 4 ዶላር አለፈ። 1,600ዋ እኮ ገና ግንቦት ሳይደርስ ነው የምታልቀው።

ገንዘቡ ግን ይሁን። እማዬን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለን ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ትወርድና ከታች ፎቅ ያለችውን የጎንደር ሴትዮ ጠርታ፣ ከማዶ ህንጻ አንዲት የአስመራ ሴት ትጨመርና፣ ቡናው እዛው ይፈላል፣ አልፎ አልፎም የኤልሳልቫዶሯ ጎረቤታችን ትመጣለች፣ ቋንቋ ሳይግባቡ ይሳሳቃሉ። እንጀራ መግዛት ስትፈልግ በእግሯ ሄዳ ትገዛለች። ቤተክርስቲያን በአውቶቡስ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳትችል ሙሉ ሰው ነበረች። ዴል ሲቲ ስንገባ ለእሷ ብቻ ትልቅ መኝታ ሰጠናት፣ የራሷ መታጠቢያ ያለው።

አንድ ቀን ቢሮ መብራት ጠፍቶ በጊዜ መጣሁ። ሳሎን ረከቦቱን ዘርግታ ሶስት ሲኒ ደርድራለች፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ምንጣፉ ላይ አስቀምጣዋለች፣ በዛኛው ጫፍ የጎንደሯ ሴትዮ እዛ እሷም ቡና አፍልታ ታወራለች። እማዬ አቦሉን ራሷ ጠጣች፣ ቶናውን ራሷ ጠጣች፣ የሁለቱን ሲኒ ወስዳ ሲንክ ውስጥ ደፋችው። እኔን ስታይ ደነገጠች፣ ነውር ስትሰራ የተያዘች ነው የመሰለችው። ምነው እማዬ ስላት "ልጄ፣ ቤቱስ ቤት ነው፣ ደጅ ነው የሌለው" አለችኝ።

በ2007 ደሴ ተመለሰች። በዛው ዓመት ወለዱ ተነሳ፣ ወርሃዊ ክፍያው በ900 ዶላር ጨመረ። በ2009 ቤቱን ሾርት ሴል፣ ማለት ባንኩ ፈቅዶ ከእዳው በታች፣ በ240 ሺ ሸጥነው፣ ፕሪንስ ዊልያም በዛ ቀውስ በዚህ አካባቢ በጣም ከተጎዱት ካውንቲዎች አንዱ ነበር፣ በኛ መንገድ ላይ ብቻ ስድስት ቤት በር ላይ ባንክ ሊወስደው ነው የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይቻለሁ። ባንክ የተወልህ እዳ እንደ ገቢ እንዳይቆጠር የሚሞላው ፎርም 982 አለ፣ እኔ ይሄን ፎርም ለመጀመሪያ ጊዜ የሞላሁት ለራሴ ነው። እማዬ የሞተችው በዛው ሰሞን ነው። ቲኬት የምገዛበት አልነበረኝም፣ ለቀብሯ አልደረስኩም። በኋላ ለተዝካሯ ሄድኩ።

የካውንቲ ምርጫ ነገር ስትጠይቁኝ ዝም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። ታክስ ዜሮ ሲባል ታክሱ በሌላ በር ነው የሚገባው። ቴክሳስ የገቢ ታክስ የለም፣ እውነት ነው፣ ት/ቤቱን የሰፈሩን መንገድ በብዛት የሚያሰራው ግን የቤት ታክስ ነው። እንደ ከተማው እንደ ስኩል ዲስትሪክቱ ቢለያይም ሬቱ 2 ፐርሰንት ገደማ የሚደርስበት ብዙ ቦታ ነው፣ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ላይ ደሞ መድ የሚሉት የውሃ ዲስትሪክት ታክስ ይጨመራል፣ እዚህ ሞንጎመሪ 1 ፐርሰንት አካባቢ ነው። የ400 ሺ ዶላር ቤት ላይ ሆምስቴድ የሚሉትን፣ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠውን ቅናሽ ቀንሳችሁ እንኳ 6 ሺም 7 ሺም በዓመት ሊመጣ ይችላል። በረዶ ስለሚመታው የቤት ኢንሹራንሱም ከዚህ በጣም ይወደዳል። በሌላ በኩል ቤቱ ራሱ እዚህ ካለው ይረክሳል፣ ይሄን መካድ አልችልም።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ልዩነት አለ። የገቢ ታክስ ገቢ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። የቤት ታክስ ስራ ይኑራችሁ አይኑራችሁ አይጠይቅም። በ2020 ሆቴል የሚሰሩ፣ ኡበር የሚነዱ ደንበኞቼ ገቢያቸው በግማሽ ሲወርድ የሜሪላንድና የካውንቲው ታክስም ወረደላቸው፣ የቤት ታክሱ ግን አንድ ሳንቲም አልወረደም። ሞርጌጁን ጨርሳችሁ ጡረታ ስትወጡም እሱ ይቀጥላል። እንግዲህ እናንተ ወጣት ናችሁ፣ ደሞዛችሁ ገና የሚያድግ ነው፣ ለናንተ የቴክሳሱ ሊያዋጣ ይችላል፣ ለአባትሽ ግን ላያዋጣ ይችላል። ጋርላንድ የሄደ ጓደኛ አለኝ፣ ተመችቶታል፣ እንጀራውም ቤተክርስቲያኑም በሽ በሽ ነው ይላል። አትሂዱ እያልኩ አይደለም።

የሰፈር ገቢ የሚባለው ቁጥርም ያሳስታል። ቨርጂኒያ ያለው ሎውደን ካውንቲ በቤተሰብ ገቢ ከመላ አሜሪካ አንደኛ ነው ሲባል ወጣቱ ሁሉ ወደዛ ያያል፣ መካከለኛው ገቢ፣ ማለት ልክ መሃል ላይ ያለው ቤተሰብ የሚያገኘው፣ ከ170 ሺ ዶላር ያልፋል። ይሄ ግን የነሱ ደሞዝ ነው። እናንተ 110 ሺ ይዛችሁ ስትሄዱ የቤቱን ዋጋ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ ጨረታ ላይ የምትቀርቡት ከነሱ ጋር ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደሞ መካከለኛው ገቢ 100 ሺ አካባቢ ነው፣ የካውንቲው የገቢ ታክስ ልክ እንደ ሞንጎመሪ 3.2፣ ቤቱ ይረክሳል የቤት ታክስ ሬቱ ግን ከፍ ይላል፣ አዲስ ቤት ከሆነ የውሃና የፍሳሽ መስመር ማስፈጸሚያ እየተባለ ለ20 ለ30 ዓመት በየዓመቱ የሚከፈል ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነው ያለው፣ የሚያነበው የለም።

አዲስ ቤት ካልኩ አይቀር፣ አዲስ የተሰራ ቤት ስትገዙ የመጀመሪያው ዓመት የታክስ ቢል አንዳንዴ በባዶ መሬቱ ዋጋ የተሰላ ነው። ኤስክሮውም፣ ባንኩ ለታክስና ለኢንሹራንስ በየወሩ ከናንተ የሚሰበስበው፣ በዛ ይሰላል። ቤቱ ራሱ ሲገመት ግን ሙሉው ይመጣል፣ የጎደለውንም መልሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ወርሃዊው በ400 በ500 ዶላር ሲዘል "ባንኩ አጭበረበረን" ብለው ኤንቬሎፕ ይዘው እያለቀሱ የሚመጡ ልጆች አሉ። ባንኩ ሳይሆን ያ የመጀመሪያው ቢል ነው ያሳሳታቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ስትገዙ ደሞ የሆምስቴድ ማመልከቻውን አንድ ጊዜ ሙሉ፣ ነጻ ነው፣ የምትኖሩበት ቤት ግምቱ በአንዴ ሲዘል ታክስ የሚሰላበት በዓመት ከ10 ፐርሰንት በላይ እንዳይጨምር ይከለክልላችኋል፣ ሳይሞሉ ስንት ዓመት የኖሩ አሉ።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ያሳዝኑኛል። የ40 ሺ ዶላር ሰርግ ደግሳችሁ በአንድ ደቂቃ ቲክቶክ ስቴት ትቀይራላችሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ ሶፋና ጋራዥ ነው የሚያሳያችሁ፣ የታክስ ቢሉን አያሳያችሁም። ደሞ መልሼ ሳስበው እኔ በናንተ እድሜ ማንንም አልጠየቅኩም፣ እናንተ ቢያንስ ወንበር ስባችሁ "ጋሼ እርስዎ ቢሆኑስ" ትላላችሁ፣ በዚህ ትበልጡናላችሁ።

ቤት ለመግዛት አትቸኩሉ። እንዲህ እያልኩም ደሞ ኪራይ እየከፈሉ አስር ዓመት የተቀመጡ ደንበኞቼን ሳይ ያንገበግበኛል፣ በ2012 ግዙ ብዬ ለምኛቸው ነበር። ስለዚህ ምን እንደምላችሁ እኔም አንዳንዴ ይጠፋኛል፣ ሁለቱም ደርሶብኛል።

ለሁለታችሁ ግን ይሄን አድርጉ። ዳላስ ያለው ሆስፒታል የሚከፍልሽን በአፍ ሳይሆን በደብዳቤ አስልኪ፣ የነርስ ደሞዝ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የምትፈልጉትን ቤት አድራሻ ይዛችሁ የካውንቲው ሳይት ላይ ያለፈውን የሶስት ዓመት የታክስ ቢል አውጡ፣ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዳችሁ ሂዱና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዛ ቤት እስከ ስራው ንዱት፣ ቅዳሜ ሳይሆን ማክሰኞ። ከዛ ሁለቱንም ጎን ጎን ጽፋችሁ ታክሱን፣ ቤቱን፣ መኪናውን ቀንሳችሁ በወር እጃችሁ ላይ የሚቀረውን ይዛችሁ ኑ።

እናትሽ በሚመጣው ዓመት ትመጣለች ብለሽኝ ነበር አይደል? ወረቀቱ ላይ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ መስመር ባዶ ተዉልኝ፣ ቡና ከማን ጋር እንደምትጠጣ አብረን እንጽፍበታለን። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ቢሮ አለሁ።