ዱባይ ካለችው ልጄ ጋር በላፕቶፕ እንዴት ልነጋገር?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ስሆን የምኖረው ደሴ ነው። ዱባይ ከምትሠራው ልጄ ጋር ቀድሞ በስካይፕ እንገናኝ ነበር፤ አሁን ግን አልከፈት ብሎኛል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፔ ላይ ዋትስአፕ ቢጭንልኝም ጽሑፍ እንጂ ጥሪ አይደርሳትም። በሌላ ፕሮግራም አንድ ቀን ተሳክቶልን ስንነጋገር ደግሞ የራሷ ድምፅ እየተመለሰ ረበሻት፤ የእኔም ካሜራ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከስልኬ በሆትስፖት የምወስደው ዳታም ሳላስበው አለቀ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ስካይፕ የጠፋው በእርስዎ ስሕተት አይደለም። አገልግሎቱ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በባለቤቱ በማይክሮሶፍት ተዘግቷል። ዋትስአፕዎም አልተበላሸም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዋትስአፕ የሚደረግን የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ስለምታግድ፣ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ እዚያ ካለ ጥሪው አይገናኝም፤ ጽሑፉና የተቀዳው ድምፅ ግን ያልፋል። ልጅዎን ቪፒኤን (የሚጠቀሙበትን የኢንተርኔት መስመር የሚሰውር ፕሮግራም) እንድትጠቀም የሚመክሯት ሰዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በአገሪቱ ሕግ በቪፒኤን ተሸሽጎ የተከለከለ ነገር መፈጸም ከ500 ሺህ ድርሃም የሚጀምር መቀጮ ወይም እስራት ሊያስከትል ስለሚችል፣ እባክዎ ይህን እንዳትሞክረው ይንገሯት።

እዚያ ከተፈቀዱት የጥሪ ፕሮግራሞች መካከል ቦቲም፣ ዙምና ጉግል ሚት ይገኛሉ። ለእርስዎ የምንመርጠው ጉግል ሚትን ነው፤ ምክንያቱም ላፕቶፑ ላይ ምንም መጫን ሳያስፈልግ ክሮም በሚባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ይከፈታል። ልጅዎ ሊንኩን በዋትስአፕ ትልክልዎታለች፣ እርስዎ ይጫኑታል፣ ክሮም ካሜራና ማይክሮፎን ልጠቀም ወይ ብሎ ሲጠይቅዎ ይፈቅዱለታል። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ በነፃ ለረጅም ሰዓት ማውራት ይቻላል፤ ከሦስት ጀምሮ ግን ነፃው ጊዜ 60 ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ልጅዎ የራሷን ድምፅ መልሳ የምትሰማ ከሆነ ጥፋቱ ያለው እሷ ዘንድ ሳይሆን እርስዎ ዘንድ ነው። የእሷ ድምፅ ከላፕቶፕዎ ስፒከር ይወጣል፤ እዚያው አጠገብ ያለው ማይክሮፎን ይለቅመውና ተመልሶ ወደ እሷ ይሄዳል። እሷ የጆሮ ማዳመጫዋን ብትለውጥም፣ ኮምፒውተሯን አጥፍታ ብትከፍትም የሚስተካከል ነገር የለም። መፍትሔው እርስዎ ኢርፎን መሰካት ነው፤ ያን ጊዜ የእሷ ድምፅ ጆሮዎ ውስጥ ስለሚቀር ማይክሮፎኑ የሚለቅመው አይኖርም። ባለ ማይክ የሆነው የስልክ ኢርፎንም ላፕቶፕዎ ላይ የሚገባ ከሆነ ይበቃል። አዲስ ካሜራ ለመግዛት ከማሰብዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፤ ምስሉ ቢደበዝዝ መነጋገር ይቻላል፣ ድምፁ ከተበላሸ ግን ጥሪው ምንም አይጠቅምም።

ካሜራው ጥቁር የሆነው ምናልባት ተሸፍኖ ይሆናል። ከስክሪኑ በላይ ያለችውን የካሜራ ቀዳዳ ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ በጥፍር ገፋ የምትደረግ ትንሽ መዝጊያ አለች። መዝጊያዋ ክፍት ከሆነች፣ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የካሜራ ፈቃድ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ካሜራውን የያዘ ሌላ ፕሮግራም ካለም ይዝጉት።

ስለ ዳታ፦ የቪዲዮ ጥሪ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የድምፅ ብቻ ጥሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜጋባይት አይበልጥም። ሆኖም ጥቅልዎን የጨረሰው ጥሪው ብቻ ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ማሻሻያዎቹን ከበስተጀርባ ማውረድ ስለሚጀምር፣ በሆትስፖት ሲገናኙ የዋይፋዩን ሴቲንግ ከፍተው «ሚተርድ ኮኔክሽን» (Metered connection) የሚለውን ያብሩ፤ ያን ጊዜ አብዛኛውን ማውረድ ያቆማል።

ሊንኩን ሲጫኑ፣ ጥሪው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ጉግል ሚት የራስዎን ምስል ያሳይዎታል። መስኮቱ ከጀርባዎ ከሆነ ፊትዎ ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ወንበርዎን አዙረው ብርሃኑ ፊትዎ ላይ እንዲያርፍ ካደረጉ በኋላ ይግቡ።