የአንበሳዋን ሳንቲም እንዳትፈትጋት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አጎትህ ከዩክሬን ያመጣልህ አንበሳ (የአሰድ ኮከብ ምልክት) ያለባት የ5 ሂሪቭኒያ ሳንቲም እውነተኛ ብር ናት ወይ? ወይባለችና ላጽዳት ወይ? አዳማ ወርቅ ቤት ብወስዳትስ? ነው ያልከው። እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ፣ የደረሰብኝን ልንገርህ።

መጀመሪያ እንዳትፈትጋት፣ አደራ። የእኔዋ አቅራብ ነበረች፣ ጊንጧ። ጠርዟ ወየብ ሲልብኝ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ አሸኋት። ቦግ አለች፣ ደስ አለኝ። ሳንቲም የሚሰበስብ ወዳጄ ጋ ስወስዳት መብራት ስር አንዴ ዘንበል አደረጋትና ምንም ሳይል መልሶ እጄ ላይ አኖራት። ጠጋ ብዬ ሳይ መስታወት የመሰለው ሜዳዋ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። ጊንጧ ላይ ዱቄት የተነፋ ይመስል የነበረው ነጭ ገጽም የለም። ወየባውን ሰብሳቢ ይታገሰዋል፣ ጭረቱን ግን አይምርም።

እውነተኛነቷን ማወቅ ቀላል ነው። የዩክሬን ብሔራዊ ባንክ እነዚህን 12 ኮከቦች ያወጣው ከ2006 እስከ 2008 በፈረንጅ ነው። ብሯ 925 ነው፣ ማለትም ከሺህ 925 እጁ ንጹህ ብር፣ ቀሪው መዳብ፤ ንጹሁ 15.55 ግራም፣ ከመዳቡ ጋር 16.8 ገደማ። ማግኔት ብቻ አትመን፣ መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበትም አይሳብም። ይልቅ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጥና ወደ ዜሮ መልሰው። ሳንቲሟን በጥጥ ክር አስረህ፣ ታቹን ሳትነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥላት። ሚዛኑ 1.6 ግራም አካባቢ ከጨመረ ደህና ነው። 1.9 ካለህ ብር አይደለችም። ስታወጣት በጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጋት እንጂ አትሻት።

ወርቅ ቤቱ? እዚያ የሚያውቁት ግራም ነው። ጠገራ ብር 833 ሆና እንኳ 28 ግራም ስለምትመዝን፣ ንጹህ ብሯ ከ23 ግራም ያልፋል። በሚዛን ከሄድክ የአያትህ ጠገራ አንበሳህን ታስከነዳታለች። ለአንጥረኛ ሲቀልጥ አሰድም አቅራብም ያው ነው። 5 የሚለው ቁጥርም አያታልህ፣ ስም ብቻ ነው። ዋጋዋን የሚያወጣላት ያልተነካ ገጿ፣ ክብ ፕላስቲኳና ከባንኩ አብሮ የሚመጣው ወረቀት ነው።

እና አጎትህ ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ረስቶት እንደሆነ ዛሬውኑ ደውልለት።