የእንጨት ፔሌት ግሪል ለመግዛት ለሚያስቡ፦ ጥያቄና መልስ

በጓሮ ውስጥ ሥጋን በጭስ አጥኖ ለማብሰል የሚያገለግለውን የእንጨት ፔሌት ግሪል ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከዚህ በታች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ። እስካሁን ሦስት ግሪሎችን አፈራርቄ ተጠቅሜያለሁ፤ የመጀመሪያውን በመልኩ ተስቤ ስለገዛሁት ከምሰጠው ምክር ከፊሉ የዚያ ስሕተት ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ እስካሁን የማውቀው የከሰል ምድጃ ብቻ ነው። ይህ ዕቃ በምን ይለያል? አሠራሩንስ ቢያብራሩልኝ?

መልስ፦ ፔሌት የሚባለው ሰጋቱራ በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የእንጨት እንክብል ነው። በእንጨት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ሊግኒን በግፊቱና በሙቀቱ ለስልሶ ሰጋቱራውን ያያይዘዋል። በግሪሉ ጎን ወይም ጀርባ ያለው ሣጥን በፔሌት ይሞላል፤ በሞተር የሚዞር፣ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ረጅም ብረት (ገፊ ብሎን ልበለው) እንክብሎቹን ጥቂት በጥቂት እየገፋ በግሪሉ ወለል ላይ ወዳለች አነስተኛ የማንደጃ ጣሳ ይጥላቸዋል። የማቀጣጠያው ዘንግ በኤሌክትሪክ ግሎ የመጀመሪያዎቹን እንክብሎች ካቀጣጠለ በኋላ ሥራውን ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ እሳቱን የሚያቆየው የፋኑ አየር ነው። ከጣሳዋ በላይ ሙቀቱን የሚበትን ብረት፣ ከእርሱም በላይ ቅባት የሚቀበል ዘንበል ያለ ትሪ ስላለ ነበልባሉ ሥጋውን አይነካውም። መቆጣጠሪያው የውስጡን ሙቀት እየለካ ገፊው ብሎን መቼና ለምን ያህል ጊዜ መዞር እንዳለበት ይወስናል። ዕቃውን እንደ ከሰል ምድጃ ሳይሆን በእንጨት እንደሚነድ ባለፋን ኦቭን አድርገው ቢያስቡት ምርጫው ይቀልልዎታል።

ጥያቄ፦ የፔሌት ግሪል ጭሱ ደካማ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነትነት አለው፤ ሻጮች ደፍረው ባይናገሩትም። በግንድ እንጨት ከሚሠራ ማጠኛ ጋር ሲነጻጸር የፔሌት ጭስ ለስላሳ ነው። ምክንያቱ ጉድለት ሳይሆን የእሳቱ ባሕርይ ነው፤ ትንሽ የሆነና ከፋን በቂ አየር የሚያገኝ እሳት እንጨቱን አሟጦ ስለሚያነደው ለጣዕም የሚተርፈው ጭስ ያንሳል። ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጭሱ ይበልጥ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ የጭስ ጣዕም የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሰዓታት ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ ማብሰል ይኖርበታል።

እዚህ ላይ የመቆጣጠሪያው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። የቆየው ዓይነት መቆጣጠሪያ ብሎኑን በተወሰነ የሰዓት ልክ የሚያዞርና የሚያቆም በመሆኑ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እሳቱ በሚደክምባቸው ጊዜያት ግን እየጨሰ ይቆያል፤ ጭስ ወዳዶች እስከ ዛሬ የማይጠሉት ለዚህ ነው። ፒአይዲ የሚባለው ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ደግሞ ያለፈውን የሙቀት ልዩነት እያሰላ ነዳጁን ስለሚመጥን ከተፈለገው ልክ ብዙም አይርቅም፤ እሳቱም የጠራ ይሆናል። የእኔ ምርጫ ፒአይዲ ያለው፣ ነገር ግን እሳቱን ሆን ብሎ የሚያለዝብ የተለየ የጭስ አሠራር የተጨመረበት ነው። ይህም ካላረካዎት በፔሌት ተሞልቶ በአንድ ጫፉ የሚለኮስ ባለቀዳዳ የብረት ቱቦ በፍርግርጉ ላይ ማኖር ይቻላል፤ ዋጋው አነስተኛ ሆኖ ሳለ ለውጡ በግልጽ ይታወቃል። ሥጋውን ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ማስገባትም ይረዳል፤ ጭስ ቀዝቃዛና እርጥብ ገጽ ላይ ይበልጥ ይይዛል። ከቅርፊቱ ሥር የሚታየውን ሮዝ ቀለበት ግን የጣዕም መለኪያ አያድርጉት፤ እርሱ በጭሱ ውስጥ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሥጋው ማዮግሎቢን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ቀለም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዋይፋይና የስልክ አፕ ያለውን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ፍርምባ ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል ከአልጋ ሳይነሡ ሙቀቱን ማየት ደስ ያሰኛል። ሆኖም አፑ ሥጋ አያበስልም። ኔትወርክ ሲጠፋ በራሱ ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ የማይታዘዝ ግሪል አይግዙ። ብዙዎቹ የሚገናኙት በ2.4 ጊጋሄርትዝ ዋይፋይ ብቻ መሆኑንም ልብ ይበሉ። በሁለት ግሪሎች መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ በኩል አፕ፣ በሌላው በኩል ወፍራም ብረት ከሆነ ብረቱን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ሱቅ ገብቼ ፊት ለፊት ስቆም ምን ምኑን ልመርምር? ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉኛል።

መልስ፦ መመሳሰላቸው ያለ ነገር ነው። ይህ ዓይነቱ ግሪል በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በትሬገር ቤተሰብ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1986 የባለቤትነት መብት ያገኘ ሲሆን መብቱ በ2006 ሲያበቃ ሌሎች አምራቾች ያንኑ ንድፍ ይዘው ገቡ። ልዩነቱን የሚያገኙት ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ክዳኑን አንሥተው ክብደቱን ይመዝኑ፤ ከዚያም ሲዘጋ ዙሪያውን ይግጠም እንደሆነ ይመልከቱ። ስስ ላሜራ በነፋስና በብርድ ጊዜ ሙቀቱን መያዝ ስለሚሳነው ፔሌት ይበላል፤ ቀዝቃዛና ነፋሻ ቦታ የሚኖር ሰው ባለሁለት ግድግዳ የሆነውን ቢመርጥ ይጠቀማል። ቀጥሎ ፍርግርጉንና ትሪውን አውጥተው የማንደጃ ጣሳዋን ይመርምሩ፤ ከማንኛውም አካል ይልቅ የምትቃጠለው እርሷ ናትና ከማይዝግ ወፍራም ብረት የተሠራች፣ በቀላሉም ወጥታ የምትለወጥ መሆን አለባት። የእኔ የመጀመሪያ ግሪል ጣሳ ስስ ብረት ስለነበረች በሁለተኛው ዓመት ተበስታ አገኘኋት፤ መለዋወጫዋን ለማግኘትም ብዙ ተንከራተትሁ። ስለዚህ ሻጩን ስለ ጣሳዋ፣ ስለ ማቀጣጠያው ዘንግ፣ ስለ ፋኑና ስለ ብሎኑ ሞተር መለዋወጫ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዋስትናውም እነዚህን ለይቶ ይጥቀስ እንደሆነ ያንብቡ፤ “አሥር ዓመት” የሚለው ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ የሚመለከተው የውጭውን አካል ብቻ ነው።

የፔሌት ሣጥኑ ከሥር የማራገፊያ በር ቢኖረው መልካም ነው፤ ያለዚያ የእንጨት ዓይነት ለመቀየር በፈለጉ ቁጥር በእጅ እየዘገኑ ማውጣት ነው። ቅባቱ የሚፈስበትን መንገድም በጣትዎ ይከተሉ፤ ትሪው በደንብ ዘንበል ካላለ ቅባት ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመ ቅባት ደግሞ አንድ ቀን ይነዳል። የጎማው መንኮራኩር፣ የጎን ጠረጴዛውና ቀለሙ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ስፋት ይበቃል?

መልስ፦ አምራቾች የላይኛውን መደርደሪያ ጨምረው ስለሚቆጥሩ እርስዎ የዋናውን ፍርግርግ ስፋት ብቻ ይቁጠሩ። ሙሉ ፍርምባ ርዝመቱ ወደ 50 ሴንቲሜትር ሊጠጋ ስለሚችል በዙሪያው አየር የሚያልፍበት ክፍተት እንዲተርፍ ማሰብ ያስፈልጋል። ለሁለት ሰው የሚያበስል ሰው ግን ትልቅ ሣጥን ማሞቅ ትርፉ የፔሌት ወጪ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ፔሌት ልጠቀም? ለቤት ማሞቂያ የሚሸጠው ርካሽ ነው፤ እርሱ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የማሞቂያው ፔሌት ሙጫ ካለው እንደ ጥድ ካለ እንጨት፣ ከቅርፊት ወይም ምንጩ ካልታወቀ ቁርጥራጭ ሊሠራ ይችላል፤ ጭሱ የሚያርፈው ደግሞ በሚበሉት ነገር ላይ ነው። ለምግብ የሚሆነው እንደ ኦክ፣ ሂኮሪ፣ ሜፕል፣ ቼሪና አፕል ካሉ ጠንካራ እንጨቶች የተሠራው ነው። የከረጢቱን ጽሑፍ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ፊት ለፊቱ ላይ “ቼሪ” ተብሎ የተጻፈበት ከረጢት ውስጡ አብዛኛው ኦክ ሆኖ ጥቂት ቼሪ የተቀላቀለበት፣ አንዳንዴም የጣዕም ዘይት የተጨመረበት ሊሆን ይችላል። ድብልቅ መሆኑ ነውር የለበትም፤ የአንድ እንጨት ዋጋ መክፈሉ ነው የሚያናድደው።

ጥሩ ፔሌት ገጹ ያብረቀርቃል፣ ሲሰብሩት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ከከረጢቱ ሥር ብዙ ዱቄት ካለ ግን አያያዙ ወይም አሠራሩ የተበላሸ ነው፤ ዱቄቱም ብሎኑን ይዘጋል። ከሁሉ የሚከፋው ጠላቱ ውኃ ነው። አንድ ጊዜ ሣጥኑን ሳልሸፍን ዝናብ መታው፤ በማግስቱ እንክብሎቹ አብጠው ወደ ሰጋቱራ ከተመለሱ በኋላ በብሎኑ ዙሪያ እንደ ሲሚንቶ ደርቀው አገኘኋቸውና ቀኑን ሙሉ በመዶሻና በመፍቻ ስታገል ዋልሁ። ፍጆታውን በተመለከተ፣ በዝቅተኛ ሙቀት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ያህል ይበቃል፤ በከፍተኛ ሙቀት ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሌሊት የሚያበስል ሰው 9 ወይም 10 ኪሎ የሚይዝ ሣጥን ቢመርጥ በእንቅልፉ መካከል አይነሣም።

ጥያቄ፦ ጥብስም እንወዳለን። ይህ ግሪል ሥጋን በኃይለኛ እሳት ይጠብሳል?

መልስ፦ አብዛኞቹ ከፍተኛ ሙቀታቸው ከ230 እስከ 260 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ከነበልባል የሚመጣ ሳይሆን የአየር ሙቀት ስለሆነ ሥጋው ይበስላል እንጂ ፊቱ እንደሚፈለገው አይጠቁርም። አንዳንድ ሞዴሎች ሙቀት የሚበትነውን ብረት በማንሸራተት ነበልባሉን ለሥጋው የሚገልጥ ቦታ አላቸው፤ ቦታው ጠባብ ቢሆንም ለጥቂት ቁራጭ ይበቃል። አለበለዚያ የቆየውን የከሰል ምድጃዎን አይሽጡት።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ ግሪል ፍርምባውን 70 ዲግሪ ካደረሰ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ቆመ። ያንን ሞዴል ልተወው?

መልስ፦ ግሪሉን አይክሰሱት። ሥጋው ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ክልል ሲደርስ ከገጹ የሚተነው እርጥበት ልክ ላብ ገላን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ ያቀዘቅዘዋል፤ ይህ በማንኛውም ማጠኛ ላይ የሚሆን ነው። መጠበቅ ወይም በወረቀት አልያም በፎይል መጠቅለል ነው። ፍርምባ ለስልሶ የሚበላው 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሲሆን፣ ዶሮ ግን ውስጡ 74 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትር ሳያረጋግጡ አያቅርቡ። ግሪሉን መጠርጠር ከፈለጉ ሌላ ቴርሞሜትር በፍርግርጉ መካከልና ዳር ዳር እያኖሩ ሰሌዳው ከሚያሳየው ጋር ያስተያዩ፤ ለሞዴል ፍርድ የሚያበቃው ያ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ስንት ይወስዳል? አደጋስ የለውም?

መልስ፦ ሲቀጣጠል ከ200 እስከ 300 ዋት፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩና ፋኑ ብቻ ስለሚሠሩ በጣም ጥቂት። ከሌላ አገር የሚያስመጡ ከሆነ ግን 120 ቮልት ወይስ 230 ቮልት መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

አደጋውን በተመለከተ፣ ማናቸውም የሚነድ እንጨት ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ ግሪሉ ከቤት ውስጥና ከተዘጋ በረንዳ ይራቅ። ሥራ ሲጨርሱ ሶኬቱን ከመንቀል ይልቅ የማጥፊያውን ሂደት ያስጨርሱት፤ ፋኑ በድንገት ሲቆም በጣሳዋ ውስጥ የቀረው ፍም ብሎኑን ተከትሎ ወደ ፔሌት ሣጥኑ ሊሄድ ይችላል። ሳይቀጣጠል ከቀረ ደግሞ ጣሳዋን ባዶ ሳያደርጉ ደግመው አይለኩሱ። እኔ አንድ ቀን በስንፍና ደግሜ ለኮስሁ፤ የተከመረው ፔሌት ለደቂቃዎች ወፍራም ቢጫማ ጭስ ሲተፋ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲቀጣጠል ክዳኑን በድምፅ ወደ ላይ አነሣው። ቅባት ቢነድ ክዳኑን ዘግተው ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ፤ ውኃ አያፍሱ። አመዱንም ጥቂት ጊዜ ባበሰሉ ቁጥር፣ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ይጥረጉ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ግሪል በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ። ይሻለኛል?

መልስ፦ የማንደጃ ጣሳዋና ወለሉ ያልተበላ፣ ሣጥኑም ደረቅ ከሆነ ሊሻልዎት ይችላል። ሻጩ ከቀዝቃዛ አስነሥቶ በፊትዎ እንዲለኩሰው፣ 110 ዲግሪ ላይም ለግማሽ ሰዓት እንዲያቆየው ይጠይቁት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብሎኑ ሲዞር የመፋጨት ድምፅ እንዳለው ያዳምጡ፣ ሙቀቱንም በራስዎ ቴርሞሜትር ይለኩ። “ትናንት ሠርቷል፤ ዛሬ ፔሌት የለኝም” ካለዎት አንድ ከረጢት ይዘው ይመለሱ።