ዓይን ውስጥ የሚገባው ሰማያዊ ቀለም

ጥያቄ፦ እናቴ ዳዊት ስትደግም የመሃሉ ፊደል ይጠፋባታል። ማኩላዋ ላይ (ጥርት አድርገን የምናይበት የዓይን ጀርባ መሃል) ቀዳዳ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። ዓይኗ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም እንደሚጨመር ስትሰማ ግን «የቀረችኝንም ብርሃን ሊያጠፏት ነው» ብላ እምቢ አለች። እውነት ቀለሙ ይጎዳል?
(ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እናትዎ በከንቱ አልፈሩም። በ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ለዚህ ሥራ የገባው ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለ አረንጓዴ ቀለም ነበር። ሲወፍር፣ ሲቆይ ወይም ብርቱ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ከሁሉም በላይ በቀዳዳው ሾልኮ ከሬቲናው (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የኋላ ገበር) ስር ያሉትን ሕዋሳት ሲነካ፣ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ታየ።

ታዲያ ለምን እንቀባለን? ቀዳዳው እንዲዘጋ ከሬቲናው ላይ የምንልጠው ሽፋን ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው፤ እንደ ውኃም የጠራ ነው። በሽንኩርት ንብርብር መካከል ያለችው ስስ ቆዳ እንኳ ከእርሱ እጅግ ትወፍራለች። ተማሪ ሳለሁ መምህሬ ያለ ቀለም ጫፉን ሲፈልግ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ትንፋሼን እይዝ ነበር፤ ወረንጦው ጥቂት ከዘለቀ የሚቆነጥረው ሕያው ሬቲና ነው። ቀለም ሲነካው ግን ሽፋኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ የተላጠው ቦታ ነጣ ብሎ ይለያል።

ዛሬ በብዛት የሚመረጠው ብሪሊያንት ብሉ ጂ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው በ0.025 በመቶ መጠን ነው። እርሱም ቢሆን በቀስታ ይፈስሳል እንጂ ወደ ቀዳዳው በኃይል አይረጭም፤ ወዲያው ይታጠባል፤ የውስጥ መብራቱም ከማኩላው ራቅ ይደረጋል። ለዓይን ተብሎ ከተዘጋጀ ብልቃጥ መቀዳት አለበት፤ ከላቦራቶሪ ዱቄት የተበጠበጠ ቀለም በፍጹም አልቀበልም። የቀለሙን ስምና መጠን ሐኪሙን ይጠይቁት፤ መብትዎ ነው።

ለእናትዎ ቀለሙ ታጥቦ እንደሚወጣ ይንገሩልኝ። ዓይናቸው ውስጥ የሚሰነብተው ቀዳዳውን ደግፎ የሚይዘው ጋዝ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከፍታ ላይ ጋዙ ይለጠጣል፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል፤ ብርሃን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪማቸው ጋዙ ማለቁን አይቶ እስኪፈቅድላቸው ድረስ አውሮፕላን አይሳፈሩ፤ ለቅሶም ቢሆን ሠርግ ወደ ደባርቅ አይውጡ።