መልስ፦ የሚቀያየር አይፒ ላይ የቤት ኢሜይል ሰርቨር
የቤት ኢንተርኔት አይፒው (የኢንተርኔት አድራሻው) እየተቀያየረ የራስ ኢሜይል ሰርቨር ይሠራል ወይ ላሉት፦ ገቢ ፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበት በር) ካልተዘጋ መቀበሉ ይሠራል፤ በቀጥታ መላኩ ግን አያዋጣም። አብዛኞቹ የቤት አይፒዎች በስፓምሃውስ ፒቢኤል (በቀጥታ ኢሜይል መላክ የሌለባቸው አይፒዎች) ዝርዝር ውስጥ ናቸው፣ አይፒውን ወደ ስም የሚመልሰው የፒቲአር መዝገብም በእርስዎ እጅ አይደለም። ስለዚህ በኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራሙ በፖስትፊክስ፣ ሪሌይሆስት በሚባለው ቅንብር ላይ ደብዳቤዎን የሚልክልዎ አስተላላፊ ሰርቨር በፖርት 587 ያስገቡ፤ ኤስፒኤፍ (በዶሜይንዎ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን የሚዘረዝር መዝገብ) ላይም የቤትዎን አይፒ ሳይሆን የአስተላላፊውን ይጻፉ።

ለመቀበል ኤምኤክሱ (የዶሜይንዎ ኢሜይል የት እንደሚደርስ የሚናገረው የዲኤንኤስ መዝገብ) የሚጠቁመው ስም ኤ መዝገብ (አይፒውን በቀጥታ የሚሰጥ) ይኑረው እንጂ ሲኔም (ወደ ሌላ ስም የሚመራ) አይሁን፤ የኤ መዝገቡ ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች መዝገቡን ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ፣ 300 ሰከንድ ይበቃል። ሰርቨሩ ለሰዓታት ቢጠፋ አያስጨንቅም፣ ላኪዎች ደጋግመው ይሞክራሉ። የሚያስፈራው አይፒዎ ተቀይሮ መዝገቡ ሳይታደስ አሮጌው አይፒ የሌላ ሰው ኢሜይል ሰርቨር ላይ ሲያርፍ ነው፦ ያ ሰርቨር 550 (በቋሚነት አልቀበልም የሚል ኮድ) ብሎ ከመለሰ ደብዳቤው ወዲያው ወደ ላኪው ይመለሳል፣ ዳግመኛ አይሞከርም። አስተማማኙ መፍትሔ ቋሚ አይፒ ያለው ትንሽ ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ምናባዊ ሰርቨር) ተከራይቶ ፖርት 25ን በዋየርጋርድ (ሁለቱን በምስጢር የሚያገናኝ ቪፒኤን) ወደ ቤት ማምጣት ነው።